የመክፈቻ እጅ

ሰው በመልክ ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል። እኔ የቀናሁት በእጅ ነው፤ በታናሽ ወንድሜ ቀኝ እጅ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። ነጋዴ ቤት ያላደገ ሰው እጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም።

አባቴ በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር ወደ ሀዋሳ መጥተው፣ ክብሪትና ባትሪ ድንጋይ እያዞሩ ሸጠው፣ ኋላ መሃል ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። በሁሉም ነገር ጠንቃቃ ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን ከጠንቃቃም አልፈው ፈሪ ናቸው። ቀኑን የሚወስነው መክፈቻው ነው ይላሉ። ከመጀመሪያው ደንበኛ የተቀበሉትን ብር ስመው ግንባራቸውን ያስነኩታል። ከዚያም በፊት ግን ሱቁን የሚከፍተው እጅ ቀና መሆን አለበት። እጁ የቀና ሰው የከፈተው ሱቅ ሲሸጥ ይውላል፤ እጁ ያልቀና የከፈተው ዝንብ ሲያባርር ይውላል። የመስጊዳችን ሼህ ይህ ነገር ከሃይማኖት አይደለም ብለው ሲገሥጿቸው፣ «እኔም አላምንበትም፤ ግን ለምን ብዬ ልሞክረው?» ብለው መለሱላቸው አሉ።

የቤታችን ቀና እጅ የወንድሜ መሆኑ የታወቀው ልጆች ሳለን ነው። አባቴን ወባ ጥሏቸው ስለነበር ሱቁን ከፍተን ከጎረቤቱ ነጋዴ ጋር እንድንጠብቅ ሁለታችንን ላኩን። ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ በቀሚሴ ኪስ፣ መንገዱን ሙሉ እየዳበስኩት። ዝናብ ያዛገው ጓጉንቸር ግን እምቢ አለኝ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ባዞረው ንቅንቅ አላለም። ወንድሜ «አምጪው» ብሎ ከእጄ ነጠቀኝና አንዴ ጠምዘዝ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ገጠር ውስጥ ትምህርት ቤት የሚሠራ ተቋራጭ መጥቶ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ገመድ ጠቅልሎ ገዛው። ወሬው ሲደርሳቸው አባቴ ከነትኩሳታቸው ተነሥተው ተቀመጡና «ማነው የከፈተው?» አሉ። ማንም ሳያስገድደኝ «እሱ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ የእሱ ሆነ።

እኔ ከክፍሌ አንደኛ ስወጣ እሱ ሱቅ ይከፍት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ስመረቅም እሱ ሱቅ ይከፍት ነበር። ገዥው ግንባር አገሩን የያዘበት፣ ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ጊዜ ነበርና እኔም የአምስት ሰው አለቃ ሆኜ ነው የተማርኩት፤ አባቴ ፊት ግን የራሴም አለቃ አልነበርኩም። ተመርቄ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ «ይህች ልጄ የተማረች ናት» ይሉና ወዲያው ወደ ወንድሜ ዞረው «የዚህኛው እጅ ግን…» ብለው የራሳቸውን ጣት ይስማሉ። የእኔ ዲግሪ ሳሎን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል፤ የእሱ እጅ ምሳ ሲበላ እንኳ በአድናቆት ይታያል።

አላርሙ የመጣው ሌቦች የሱቁን ጣራ ቆርቆሮ ገንጥለው ገብተው ጥቅል ጥቅል ገመድ ከወሰዱ በኋላ ነው። አባቴን ያናደዳቸው ከጠፋው ዕቃ ይልቅ መደፈራቸው ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እያሉ ሰነበቱና፣ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ወዳጃቸው አንድ አላርም እንዲያመጣላቸው አደረጉ። የሱቅ ሳይሆን የመኖሪያ ቤት አላርም ነበር። ነጭ ሳጥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከእሱ የሚወጣው ሽቦ በሩ ላይና በየጥጉ ካሉት፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ከሚያዩ ዐይኖች ጋር ይገናኛል፤ ጣራው ሥር ሳይረን አለ፤ ቁጥር የሚመታበት ትንሽ ሰሌዳም አለው። አላርሙ ነቅቶ ሲጠብቅ ሰሌዳው ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ የሚስጥር ቁጥሩ ሲመታ አረንጓዴ ይሆናል።

የተከለው ባለሙያ ሰሌዳው ከውስጥ በኩል ነው የሚሆነው አለ። አባቴ በፍጹም አሉ። «መክፈቻ ማለት በሩ ከመከፈቱ በፊት የሚነካው ነገር ነው። ውስጥ ከሆነማ ሳንከፍት ከፈትን ማለት ነው።» ባለሙያው እኔን አየኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። በመጨረሻ ሰሌዳው ውጭ፣ ከበሩ ጎን ተተከለ፤ ዝናብ እንዳይነካውም የቆርቆሮ ክዳን ተሠራለት። በዓለም ላይ ሌባ በሚቆምበት በኩል የተተከለ የአላርም ሰሌዳ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሥርዓቱም ተደነገገ። ወንድሜ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሄዶ ቁጥሩን ይመታል፤ ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ተመልሶ ቁርሱን ሊበላ ይችላል። አባቴ ከመስጊድ ወጥተው አንድ ሰዓት ላይ ሲደርሱ አረንጓዴዋን ያያሉ፣ ከወገባቸው ቁልፍ ያወጣሉ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጓጉንቸሩን ይፈታሉ። የሚስጥር ቁጥሩን ከወንድሜ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ራሳቸው እንኳ «እኔ ካወቅኩት አንድ ቀን እጄን ይበላኛል» ብለው አልሰማም አሉ።

ለእኔ የቀረኝ ሳጥኑ ብቻ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ኮምፒውተር የሚሰካበት ቀዳዳ አየሁ። ይህ ሳጥን ማውራት ይችላል ማለት ነው፤ ቋንቋውን ግን የሠሩት ሰዎች ለማንም አልተናገሩም። አብሮት በሲዲ የመጣው ፕሮግራም ያረጀ ኮምፒውተር ካላገኘ አይሠራም፤ ሲሠራም እሱ የፈለገውን እንጂ እኔ የፈለግኩትን አያደርግም። እሑድ ከሰዓት ሱቁ ሲዘጋ ላፕቶፔን ይዤ እገባና ፕሮግራሙና ሳጥኑ የሚለዋወጡትን ቁጥር ስሰልል አመሻለሁ። ወንድሜን በሩ ላይ አቆመዋለሁ። «ክፈት» እለዋለሁ፤ ይከፍታል፤ አንድ ቁጥር ይለወጣል። «ዝጋ» እለዋለሁ፤ ይዘጋል፤ ቁጥሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ወንድሜ «በር ስከፍት ከአባዬ በላይ ትኩር ብሎ ያየኝ ሰው አንቺ ነሽ» እያለ ያላግጥብኛል። በእያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ የቀደሙትን ቁጥሮች ድምር የሚይዝ ሌላ ቁጥር እንዳለ ለማወቅ ስንት እሑድ ፈጀብኝ። ድምሩ ካልገጠመ ሳጥኑ አይቆጣም፣ አያርምም፤ ዝም ይላል። ልክ እንደ አባቴ።

የመጀመሪያዋን ጥያቄ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ስልክለትና ሳጥኑ በሩ ተዘግቷል የሚል መልስ ሲሰጠኝ ብቻዬን እልል አልኩ። ወንድሜ ሌባ የገባ መስሎት ከውጭ እየሮጠ መጣ። ከዚያ በኋላ እየጨማመርኩበት ሄድኩና ላይብረሪ ሆነ። ላይብረሪ የምለው የመጽሐፍ ቤቱን አይደለም፤ አንድ ሰው አንዴ ተጨንቆ የጻፈውን ኮድ ሌላው ሳይጨነቅ እንዲጠቀምበት አሰናድቶ ማስቀመጥ ነው። የእኛን ዓይነት ሳጥን የሰቀለ ሌላም ሰው ይኖራል ብዬ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ብዙም ሳይቆይ በረዶ ከሚጥልበት አገር አንድ የማላውቀው ሰው፣ ሥራ ቦታው ሆኖ የቤቱ በር መዘጋቱን ማወቅ እንደቻለ ጽፎ አመሰገነኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለአባቴ አነበብኩላቸው።

«ስንት ከፈለሽ?» አሉኝ።

«በነፃ ነው አባዬ።»

«በነፃ።» ትንሽ አሰቡ። «ወንድምሽ ዛሬ ያለውን አምፖል ከነካርቶኑ ሸጠው፤ ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ አልኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

አንድ ነገር ግን ወደዱልኝ። መስጊድ እንደተቀመጡ ሱቁ መከፈቱን ማወቅ ይፈልጉ ስለነበር፣ ባንኮኒው ሥር አሮጌ ላፕቶፕና ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም አስቀመጥኩላቸው። ላይብረሪዬ ሳጥኑን እየጠየቀ ይጠብቃል፤ ቀዩ አረንጓዴ ሲሆን ስልካቸው ላይ «ሱቁ ተከፍቷል» የሚል መልእክት ይልካል። ስልካቸው ጢን ሲል አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው ዘንበል ብለው «ልጄ ከፈተ» ይሉታል አሉ። መልእክቱ የሚሄደው በእኔ ልፋት፣ ልጄ የሚባለው እሱ። ይህን የነገረኝ ሰው ደስ ይበላት ብሎ ነው የነገረኝ። ያን ዕለት ራት አልበላሁም።

ወንድሜ ክፉ አልነበረም፤ እንቅልፋም ነበር እንጂ። ኳስ ሲያይ ያመሽና ጠዋት እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ክረምቱ እንደገባ አንድ ዝናባማ ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ ክፍሌ መጣና የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ አንቺ እኮ ከሳጥኑ ጋር ታወሪያለሽ።»

«እና?»

«ቁጥሩን ልንገርሽና እኔ እንደከፈትኩ አድርገሽ ንገሪልኝ። አባዬ የሚያዩት አረንጓዴዋን ነው፤ እኔን አይደለም።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ ብሎ የሚፈርድ ይኖር ይሆናል። አባቴ እንኳ ያልደፈሩትን ቁጥር ወንድሜ እያዛጋ ሲነግረኝ ግን ደረቴ ውስጥ የሆነውን የሚያውቀው እኔና ፈጣሪ ነን። ስልኬን አንስቼ ቁጥሩን ላክሁ። ባንኮኒው ሥር ያለው ላፕቶፕ መልእክቱን ተቀብሎ ለሳጥኑ ነገረው፤ ሳጥኑም ተከፈትኩ ብሎ መለሰ። ወንድሜ ተመልሶ ተኛ፤ ከግድግዳው ማዶ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። እኔ ግን አልተኛሁም፤ እንደ አዲስ ሙሽራ መዳፌን ሳገላብጥ ረፈደ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሱቁን የምከፍተው እኔ ሆንኩ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ቤታችን፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሲረግጡ እየሰማሁ እከፍታለሁ። ገበያውም ጉድ አሰኘ። በየመንደሩ ቤት የሚሠራበት፣ ሕንፃው በየጥጉ ብቅ የሚልበት ጊዜ ስለነበር የኤሌክትሪክ ዕቃ ይዞ የማይሸጥ አልነበረም፤ ይህን በአእምሮዬ አውቃለሁ። በሆዴ ግን ማመን ጀመርኩ። ዲግሪ የጫነች ሴት ቁጭ ብዬ፣ ትናንት ብዙ የተሸጠው በቀኝ አውራ ጣቴ ስለላክሁ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። አንድ ቀን በግራ እጄ ልኬ ውሎውን ለማየት ሁሉ ቃጣኝ። እንደ አባቴ ለምን ልሞክረው ብዬ ተውኩት።

አባቴ ማታ ማታ ከሱቅ ሲመለሱ ወንድሜን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ይባረክ» ይሉታል። እሱም «አሜን» ይላል፤ ዓይኑን ሳያሽ! በዚያች አሜን የተነሳ አንቄ ብገድለው ደስ ባለኝ ነበር። ምርቃቱ የእኔ ነው፤ እኔ ጠዋት ከብርድ ልብስ እጄን አውጥቼ ያገኘሁት ነው፤ እሱ ግን እንደ ደመወዝ ይቀበለዋል። ወንድሜን ሳይ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ጥርሱን ያፋጫል። ቅናት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሙን ማወቅ ግን አላሳረፈኝም።

በዚህ መሃል አባቴ አንድ አዲስ ሕንፃ ሥር ሁለተኛ ሱቅ ያዙ። ያን ሱቅ ፈለግኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ትቼ፣ አላርምና ካሜራ የሚሸጥበትና የሚተከልበት ላደርገው ዕቃው በየት በየት እንደሚደረደር ሳይቀር በልቤ ጨርሻለሁ። እናቴ እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። ጠየቀች። «አዲስ ሱቅ ቀና መክፈቻ ይፈልጋል አሉ» ብላ ዓይኔን ሳታይ መለሰችልኝ። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አርብ ሱቁ ለጁምዓ ሶላት ይዘጋል፤ ወንድሜ አላርሙን አንቅቶ ይሄዳል፤ ከሶላት በኋላ ሁላችንም ቤት እንበላለን። አንድ አርብ ያ ከዱባይ አላርሙን ያመጣው ነጋዴም ከእኛ ጋር ነበር። ትልቁ ትሪ ቀርቦ እየበላን አባቴ አዲሱን ሱቅ አነሱ። «ከኢድ በኋላ ኢንሻ አላህ ይከፈታል። የሚከፍተውም የሚይዘውም ይኸው» ብለው በአገጫቸው ወንድሜን አሳዩ። ወንድሜ አፉ ሞልቶ ስለነበር ራሱን ነቀነቀ።

«እኔስ?» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

እንግዳው ሳቀ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ፤ ለጨዋታ ነው። «አንቺማ ኮምፒውተርሽ አለልሽ!»

ግራ እጄን ቀሚሴ ኪስ ከትቼ ስልኬን አወጣሁና፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ላክሁ። ማንም አላየኝም። ትንሽ ቆይቶ የአባቴ ስልክ ጢን አለ። አውጥተው፣ ከዓይናቸው አርቀው አነበቡና ትሪውን ሊደፉት እስኪደርሱ ብድግ አሉ።

«ሱቁ ተከፍቷል ይላል! ሌባ!»

«ሌባ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

አባቴ እኔን አላዩም። ያዩት የወንድሜን ቀኝ እጅ ነው። እጁ ትሪው ላይ ነበር፤ እስከ አንጓው ወጥ ነክቶት።

«ከክረምት ጀምሮ በየጠዋቱ የምከፍተው እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ተኝቶ ነው። ሲመርቁት የከረሙት የተኛ ሰው ነው አባዬ። የተሸጠው ሁሉ በእኔ እጅ ነው የተሸጠው!»

እናቴ «ያ አላህ» ብላ አፏን ያዘች። እንግዳው ሳይጠግብ እጁን ታጥቦ ወጣ። ወንድሜ ቢክድ፣ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበርና። እሱ ግን የያዘውን ውጦ «እውነቷን ነው አባዬ» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ሲያልፍ የተገላገለ ሰው ይመስል ነበር። አባቴ ወደ በረንዳው ወጡ። እኔም አላርሙን መልሼ ቆለፍኩና ተከተልኳቸው።

ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ አይቆጥሩም። ይቆጡኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

«አክስትሽን ታስታውሻታለሽ?» አሉኝ። «ታላቅ እህቴን።»

«አላስታውስም። ያየኋት ሕፃን ሆኜ ነው።»

«የአባቴን ሱቅ የምትከፍተው እሷ ነበረች። እጇ ቀና ነበር። እንደ እሷ ያለ እጅ አላየሁም። አገባችና እጇን ይዛ ሄደች። የባሏ አንድ ሱቅ ሁለት ሆነ። የአባቴ ተዘጋ። እኔም ክብሪት ተሸክሜ ወደዚህ የመጣሁት ያኔ ነው።» መቁጠሪያውን በጣታቸው ጠመዘዙት። «ታዲያ አንቺን ሞክሬሽ እጅሽ ቀና ቢሆን ምን ላደርግ ነው? አታግቢ ልልሽ ነው? ባላውቀው ይሻለኛል አልኩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ አንጀቱ ይራራ ይሆናል። እኔ የባሰ ተቃጠልኩ። ስንት ዓመት አልችልም ተብዬ የተተውኩ መስሎኝ ስቃጠል ኖሬ፣ ለካ ብችልስ ተብሎ ነው የተተውኩት።

«አሁንማ አወቁት» አልኩ።

«አላወቅኩም።» ቀና ብለው አዩኝ። «በስልክ ነው የከፈትሽው። ስልክ እጅ አይደለም።»

«እንግዲያው ነገ በእጄ እከፍታለሁ። እርስዎ ቆመው እያዩ። ከቀናኝ አዲሱን ሱቅ ይስጡኝ።»

ሐኪም ቤት ሂዱ እንደተባለ ሰው፣ «እሺ፣ ነይ» አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው የሚደምቅበት ቀን። እጄን ታጥቤ ደግሜ ታጠብኩት። አባቴ ከመስጊድ ቀጥታ መጥተው ከሱቁ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። የቆርቆሮውን ክዳን ገልጬ ቁጥሩን አንድ በአንድ መታሁ። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። አባቴ «ቢስሚላህ» አሉ፤ ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። ጓጉንቸሩን ፈትተው ገባን።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከበሩ እንደገባን ትራፊክ ፖሊሶች መጡና መንገዱን ከላይም ከታችም በገመድ ዘጉት። ስብሰባ የመጡ ባለሥልጣናት ያልፋሉ ተባለ። ባጃጁ ሌላ ጋ ዞሮ ሄደ፤ ሚኒባስ የለም፤ በመንገዳችን የሚያልፍ ሰው እንኳ ጥቂት ነበር። የጎረቤት ነጋዴዎች ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው መንግሥትን በለሆሳስ ያማሉ። ባለሥልጣናቱ አላለፉም፤ ገመዱም አልተነሳም። ይህን ሁሉ አባቴም በዓይናቸው አይተዋል። ቢሆንም እሳቸው የሚጠብቁት መንገዱን ሳይሆን እጄን ነበር።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰውዬ በእግሩ መጣ። የመጀመሪያው ሰው ነው። ፈጥኜ ተጠጋሁት። ሶኬት አንስቶ አገላበጠ፣ ዋጋውን ጠየቀ፣ ነገርኩት። በዚያች ቅጽበት ወደ አባቴ ዞርኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንበኛ ሲገባ ፊታቸው የሚበራ ነጋዴ፣ መቁጠሪያውን ጨብጠው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ሰውዬው ሶኬቱን አስቀመጠና «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። አባቴ ተነፈሱ። ተነፈሱ! ሰውዬው ባለመግዛቱ ትከሻቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ፊታቸው እየፈካ ሄደ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አንድም ሰው አልገዛም፤ አባቴ ግን ያዜሙ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ እኮ ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን መልሼ ዘጋሁት። ከጎረቤት ምግብ ቤት ጥብስ አዘዙና በባንኮኒው ላይ ቀረበልን። «ኢንሻ አላህ ጥሩ ሰው አገኝልሻለሁ» አሉኝ፤ ስለ ትዳሬ በደስታ ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። «ሠርግሽን ሀዋሳ አይታ የማታውቀው አደርገዋለሁ። አይዞሽ፤ ለሁሉም እጅ አይሰጠውም።» አዲሱን ሱቅ አልጠየቅኳቸውም፤ ወንድሜ ከኢድ በኋላ ከፈተው።

በዚያ የቅዳሜ ምሳ ላይ አባቴ እጃቸውን ታጥበው ከጥብሱ ደህና ደህናውን መረጡና ጠቀለሉ። «እንቺ ልጄ» አሉ። አጉርሰውኝ አያውቁም ነበር። ወንድሜን ነበር የሚያጎርሱት፤ እኔ ከትሪው ማዶ ሆኜ ጉርሻውን በዓይኔ ስከተል ነው ያደግኩት። አፌን ከፈትኩላቸው። አጎረሱኝና እጃቸውን ሳያነሱ በአውራ ጣታቸው ጉንጬን ዳሰሱኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ወደውኝ አያውቁም። እኔም እያላመጥኩ በሩን አየሁ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ገብቶ አምፖል እንዲገዛ እየተመኘሁ።